ነፋስና ውሃ፦ የቻይናውያን የቤት አሰናዳድ ለነጋዴ የሚያስተምረው

አንድ አስመጪ ዕቃ ለመግዛት ወደ ጓንግዡ ከተማ ሄዶ ከአንድ የፋብሪካ ባለቤት ጽሕፈት ቤት ገባ እንበል። ባለቤቱ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በሩን ከፊት ለፊቱ እያየ፣ ከሰፊ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። በመግቢያው አጠገብ ዓሣ የሚዋኝበት የመስታወት ገንዳ አለ፤ በአንደኛው ማዕዘንም ለምለም ተክል ቆሟል። እንግዳው ነጋዴ የዚህን ሁሉ ምክንያት ሳይጠይቅ ወንበሩን ወደ ፈለገበት ቢያዞር፣ በገንዳውም ቢቀልድ፣ ባለቤቱ ለጨዋነቱ ሲል ፈገግ ይል ይሆናል፤ በልቡ ግን «ይህ ሰው የሰው ቤት ማክበርን አልተማረም» ብሎ ይይዝበታል። ውል መላላት የሚጀምረው ሁልጊዜ በዋጋ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው።

ከቻይና ጋር ያለን ንግድ ዛሬ ለብዙዎቻችን የዕለት ተግባር ሆኗል። በጓንግዡ የሚደረገው የካንቶን የንግድ ትርዒት ከ1957 ጀምሮ ሻጭና ገዢ ሲያገናኝ የኖረ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ሻንጋይ መብረር የጀመረው በ1973 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሱቆቻችን ከዚያ በመጣ ዕቃ ተሞልተዋል፤ ሰሊጣችንም ወደዚያ ይጫናል። ስለዚህ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የባለ ዕቃውንም አሳብ ማወቅ የንግድ ዕውቀት አንዱ ክፍል ነው። ከዚህ አሳብ አንዱ ፌንግ ሹይ የሚባለው የቤትና የቦታ አሰናዳድ ጥበብ ነውና፣ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት እንናገራለን። የምናየውም በሁለት ወገን ነው፤ አንደኛው ከወዳጃችን ጋር ስንዋዋል የሚጠቅመን፣ ሁለተኛውም በቤታችን ጠረጴዛ ዘርግተን ስንሠራ የሚረዳን ነው።

የነገሩ መነሻ

«ፌንግ» ማለት ነፋስ፣ «ሹይ» ማለት ውሃ ነው። ለመቃብርም ሆነ ለመኖሪያ የሚሆን ቦታ እንዴት እንደሚመረጥ ከሚያስተምሩት ጥንታዊ መጻሕፍት ውስጥ ስመ ጥሩው፣ ጉዎ ፑ ለተባለው ከ276 እስከ 324 ለነበረ ሊቅ ተሰጥቶ የሚነገረው «የመቃብር መጽሐፍ» ነው። የትምህርቱ ሥር እንዲህ ነው፦ በምድርና በአየር ውስጥ «ቺ» የተባለ የሕይወት ኀይል ይዘዋወራል፤ ኀይለኛ ነፋስ ይበትነዋል፤ ውሃ ደግሞ ይሰበስበዋል። ስለዚህ መልካም ቤት ማለት ከነፋስ ተከልሎ ውሃን ከፊቱ ያደረገ ቤት ነው።

ይህን የሰማ ሰው ነገሩ ሁሉ ምሥጢርና አስማት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የሰሜን ቻይናን አየር የሚያውቅ ሰው ከእምነቱ ሥር ያለውን የገበሬ ዕውቀት በቶሎ ያየዋል። በዚያ አገር የክረምቱ ብርድ ከሳይቤሪያ ተነሥቶ በሰሜን በኩል ይመጣል፤ ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ በቀትር ጊዜ በደቡብ በኩል ትታያለች። እንግዲህ ጀርባውን በስተሰሜን ላለ ተራራ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ቤት ከብርድ ይጠበቃል፤ ሙቀትና ብርሃንም ያገኛል። ከፊቱ ወንዝ ቢኖርለት ደግሞ ለመጠጥና ለመስኖ ውሃ አያጣም።

ነገሥታቱም የቤጂንግን ቤተ መንግሥት ከ1406 እስከ 1420 ባሠሩ ጊዜ ይህንኑ ሥርዐት ተከተሉ። ዋናዎቹን አዳራሾች ወደ ደቡብ አዞሩ፤ «የወርቅ ውሃ» የተባለ ቦይ ከፊት አሳለፉ። ከኋላ ተራራ ባይኖር፣ የግቢውን መከላከያ ቦይ ሲቆፍሩ የወጣውን አፈር ከምረው በስተሰሜን ጂንግሻን የተባለውን ኮረብታ ሠሩ። ተፈጥሮ ያልሰጠውን ተራራ በአካፋ ሠሩት ማለት ነው።

የንግድ ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ይኸውም አቅጣጫ አመልካቹ ኮምፓስ ነው። የቤት ቦታ መራጮች ከጥንት ጀምሮ የማግኔት መርፌ በሥራ ላይ ያውሉ ነበር። ሼን ኩዎ የተባለው ሊቅ በ1088 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ መርፌዋ በትክክል ወደ ደቡብ ሳትሆን ጥቂት ወደ ምሥራቅ እንደምታዘነብል ገልጿል። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቻይና መርከበኞች በደመናማ ቀን በዚችው መርፌ እንደሚመሩ ተጻፈ። ከ1405 እስከ 1433 ባሕር ያቋረጡትና እስከ ምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ የደረሱት የዜንግ ሄ መርከቦችም በኮምፓስ የሚመሩ ነበሩ። የቤት በር የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳየች መርፌ የንግድን ባሕር ከፈተች ማለት ይቻላል።

በሆንግ ኮንግ የታየው

ዛሬ ፌንግ ሹይ ከንግድ ጋር ተጣምሮ በግልጽ የሚታየው በሆንግ ኮንግ ነው። በዚያ ከተማ ያለው የኤች.ኤስ.ቢ.ሲ. ባንክ ዋና ሕንፃ በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በኖርማን ፎስተር ተነድፎ በ1986 ተመረቀ። መሬት ላይ ያለው ክፍሉ ሰውና ነፋስ እንዲያልፍበት ክፍት ሆኖ ተሠርቷል፤ ወደ ላይ የሚያወጡት ተንቀሳቃሽ ደረጃዎችም የፌንግ ሹይ አዋቂ ተጠይቆ ሰያፍ ሆነው ተተከሉ። ከዚያ በኋላ በአጠገቡ በአይ. ኤም. ፔይ የተነደፈውና እስከ አንቴናው ጫፍ 367 ሜትር የሚደርሰው የባንክ ኦፍ ቻይና ሕንፃ ተነሣ። የከተማው ሰው የአዲሱ ሕንፃ ሹል ማዕዘኖች እንደ ቢላዋ ወደ ጎረቤቶቹ ያነጣጥራሉ ብሎ አጉረመረመ። በኤች.ኤስ.ቢ.ሲ. ጣሪያ ላይ ያሉትን ሁለት የዕቃ ማንሻዎችም «ለቢላዋው የተመለሱ መድፎች ናቸው» እያለ እስከ ዛሬ ይቀልዳል። የሁለት ታላላቅ ባንኮች ፉክክር በሕዝብ አፍ የቤት አሰናዳድ ጠብ ሆኖ ይነገራል።

የአሜሪካው የዲዝኒ ኩባንያ ደግሞ በሆንግ ኮንግ የመዝናኛ ስፍራውን ሲሠራ በአዋቂ ምክር ዋናውን በር በ12 ዲግሪ አዞረው፤ ከባቡሩ ጣቢያ ወደ በሩ የሚወስደውንም መንገድ መልካሙ ኀይል ወደ ባሕር እንዳይፈስ ብሎ ጠመዝማዛ አደረገው። ከአዳራሾቹ አንዱን በልክ 888 ካሬ ሜትር አድርጎ ሠራ፤ በሆቴሎቹም አራተኛ ፎቅ ተብሎ የሚጠራ እንዳይኖር አደረገ። ስፍራው የተከፈተው በመስከረም ወር 2005 ነው። የኩባንያው ሹማምንት ይህን ሁሉ ያምኑበት ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ደንበኛቸው እንደሚያስብበት ግን ዐውቀው ነበር። በንግድ ሕግ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

የቁጥሩ ነገር ለላኪዎቻችንም ይጠቅማል። በቻይናውያን ቋንቋ የአራት ቁጥር ስም ከ«ሞት» ጋር ይመሳሰላል፤ የስምንት ስም ደግሞ ከብልጽግና ጋር ተቀራራቢ ድምፅ አለው። የቤጂንግ የኦሊምፒክ ጨዋታ በ2008 በስምንተኛው ወር በስምንተኛው ቀን፣ ከምሽቱ በስምንት ሰዓት (በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ በሁለት ሰዓት) የተከፈተውም ስለዚህ ነው። ቡናውን በስጦታ ሣጥን አሽጎ ወደዚያ የሚልክ ነጋዴ በአራት በአራት ከማሸግ ይልቅ በስድስት ወይም በስምንት ቢያሽግ፣ የቀብር መልክ ካለው ነጭና ጥቁር ይልቅ ቀይ ቢመርጥ፣ ወጪው ያው ሲሆን አቀባበሉ ይሻላል።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። በዋናው ቻይና መንግሥት ይህን ጥበብ ከአጉል እምነት ይቈጥረዋል፤ በባህል አብዮት ዘመን ከ1966 እስከ 1976 ጽኑ ዘመቻ ተደርጎበታል፤ ዛሬም የገዢው ፓርቲ አባሎች እንዲርቁት ይገሠጻሉ። ስለዚህ ቻይናዊ ሁሉ ያምንበታል ብሎ መገመት ስሕተት ነው። የፋብሪካው ባለቤት አጥብቆ የሚይዘው ሲሆን፣ መሐንዲሱ ልጁ ሊስቅበት ይችላል። አስተዋይ ነጋዴ ተጠይቆ ካልሆነ በቀር ወሬውን ራሱ አያነሣም፤ ባለቤቱ ባሳየው ወንበር ይቀመጣል፤ ዕቃ ከቦታው አያንቀሳቅስም።

በቤት ጽሕፈት ቤት ላደረገ ነጋዴ

እንግዲህ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በተለይ ከ2020ው የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ የደብዳቤና የሒሳብ ሥራውን ከመኖሪያ ቤቱ የሚያካሂድ ነጋዴ በዝቷል። ፕሮፎርማው፣ የባንክ ሰነዱ፣ የጉምሩኩ ዲክላራሲዮን ሁሉ ከእራት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ልጆች በዙሪያው ይሮጣሉ፤ ቡና ይፈላል፤ ስልክ ይጮኻል። በዚህ መካከል የጭነት ሰነድ አንድ ሳምንት ቢጠፋ ዕቃው በጅቡቲ ወደብ ተቀምጦ በየቀኑ ኪራይ ይቈጥራል። የቤት አሰናዳድ የገንዘብ ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ጊዜ ነው። ከፌንግ ሹይ ትምህርት ውስጥ እምነቱን ለባለቤቱ ትተን፣ በማንኛውም ቤት ሊሠራ የሚችለውን እንውሰድ።

አንደኛ፣ የጠረጴዛው ቦታ። ትምህርቱ ሠራተኛው ጀርባውን ለጽኑ ግድግዳ ሰጥቶ፣ በሩን እያየ፣ ነገር ግን ከበሩ ቀጥታ መሥመር ጥቂት ፈንጠር ብሎ እንዲቀመጥ ያዝዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጀርባውን ለበር የሰጠ ሰው ኮቴ በሰማ ቊጥር ዞር ይላል፤ የሚደምረውም ሒሳብ ይሳሳትበታል። ከዚህም በቀር የገባ ሰው ሁሉ በትከሻው ላይ ሆኖ ዋጋውንና የባንክ ሒሳቡን ያነብበታል። ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ይህ ባይቻል እንኳ፣ ጠረጴዛውን ከጎን አዙሮ በሩ በዐይን ጠርዝ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ብርሃንና አየር። መስኮት ከጎን ሲሆን ለጽሑፍም ለኮምፒውተርም ይመቻል፤ ከፊት ሲሆን ዐይን ያደክማል፤ ከኋላ ሲሆን በመስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ጽሑፉን ይሸፍናል። ቻይናውያን የቆመ አየር የቆመ ሀብት ነው ብለው ያስባሉ፤ እኛም በማለዳ መስኮት መክፈት መልካም መሆኑን እናውቃለን። በተለይ በክረምት ብርዱን ለመከላከል በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ አስገብቶ መሥራት ሽታ የሌለውን መርዘኛ ጋዝ ስለሚያከማች ለሞት ያደርሳልና እጅግ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የመግቢያው መንገድ። በፌንግ ሹይ በር የቤት አፍ ነው፤ መልካም ነገር ሁሉ በእርሱ ይገባልና መዘጋት የለበትም። ካርቶንና ጆንያ በኮሪደር የሚከምር ነጋዴ ሁሉ ይህን ቃል ቢሰማ ይጠቅመዋል። እሳት ቢነሣ ቤተሰቡ የሚወጣው በዚያው በር ነው። ለባለ ሱቅ ደግሞ ከደጃፉ እስከ ባንኮኒው ያለው መንገድ ክፍት ሲሆን ደንበኛው ይገባል፤ በዕቃ ሲጠብብ ከውጭ ሆኖ ዋጋ ጠይቆ ያልፋል።

አራተኛ፣ የተበላሸውን መጠገን። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የሚያፈስ ገንዘብ ነው ይላሉ፤ ይህም ምሳሌ ብቻ ሳይሆን ሒሳብ ነው። በየሰኮንዱ ሩብ ሚሊ ሊትር የምታህል አንዲት ጠብታ የሚያፈስ ቧንቧ በአንድ ቀን ከ21 ሊትር በላይ ያባክናል። የማይዘጋ መሳቢያ፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የቆመ ሰዓት ሁሉ ባለቤቱ ባያቸው ቊጥር «አልጨረስክም» እያሉ ያሳስቡታል።

አምስተኛ፣ ማጽዳትና መለየት። የማያስፈልግ ወረቀት ተከምሮ ሲቀመጥ ኀይልን ያስራል ይባላል። ኀይሉን ተወው፤ ሰነዱን ግን በእርግጥ ይሰውረዋል። ለያንዳንዱ ጭነት አንድ ማኅደር ቢከፈትለት፣ ማታ ማታም ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ቢታደር፣ በነጋታው የሚፈለገው ሁሉ በአንድ እጅ ይገኛል።

ስድስተኛ፣ ሥራና ዕረፍት እንዳይቀላቀሉ። ትምህርቱ የሥራ ጠረጴዛ ከአልጋ እንዳይታይ ያዝዛል። ሁለት ክፍል ለሌለው ሰው መጋረጃ ወይም መደርደሪያ መካከል ላይ ማቆም ይበቃል። ባለ ትዳር ነጋዴ ይህን ቀላል ነገር አድርጎ አይናቀው፤ የዕዳ ደብዳቤ ከራስጌው ያደረገ ሰው እንቅልፍ አያገኝም፤ ባለቤቱና ልጆቹም ቤታቸው መጋዘን ሆኖ ሲቀር እያዩ ዝም ቢሉ ስላልከፋቸው አይደለም።

ከአገር አገር የማይሻገረው

በባዕድ አገር የተጻፈ መመሪያ ገዝቶ እንደ ወረደ የሚከተል ሰው ግን ይሳሳታል። «ፊትህን ወደ ደቡብ አዙር» የሚለው ትእዛዝ ለቤጂንግ እውነት ነው፤ ቤጂንግ ከምድር ወገብ 40 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለችና። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ ትውላለች። በእኛ አገር አቅጣጫ መራጩን የሚያስጨንቀው የጧትና የማታ ፀሐይ ነው። የሱቁ መስታወት ወደ ምዕራብ የዞረ ነጋዴ ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ይደበዝዛል፤ ቸኮላቱ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ጥላ ሊያበጅለት ወይም የማይጎዳ ዕቃ ሊደረድርበት ይገባል። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የተባለው ለዚህ ይሠራል። ጥንታውያኑ ቻይናውያንም ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ በአገራቸው ያለውን ነፋስ፣ ውሃና ፀሐይ ተመልክተው ቤታቸውን እንደዚያው ሠሩ።

ዕድል ሻጮች

ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅ የሚገባን ዕድልን በዋጋ ከሚሸጡት ነው። በሆንግ ኮንግ ከታላላቆቹ ባለ ሀብቶች አንዷ የነበሩት የቻይናኬም ኩባንያ ባለቤት ወይዘሮ ኒና ዋንግ በ2007 ሲሞቱ፣ የፌንግ ሹይ አማካሪያቸው የነበረው ቶኒ ቻን ሀብታቸውን ሁሉ ለእርሱ ያወረሰ ኑዛዜ አለኝ ብሎ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ በ2010 ኑዛዜው የሐሰት መሆኑን ወሰነ፤ በ2013ም አማካሪው በሐሰተኛ ሰነድ ወንጀል የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። አንዲት ብልህ የንግድ ሴት የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ አሳምረው እያወቁ የዕድልን ዋጋ ማወቅ አቃታቸው።

አነስተኛውም ነገር እንዲሁ ነው። «የዕድል ቀርከሃ» እየተባለ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የሚሸጠው ተክል ቀርከሃ አይደለም፤ የቻይና ተወላጅም አይደለም። ድራሲና የሚባለው የተክል ወገን ሆኖ የትውልድ አገሩ መካከለኛው አፍሪቃ ነው። ከአፍሪቃ ወጥቶ፣ በእስያ ስም ተሰጥቶት፣ ተመልሶ ለአፍሪቃዊ በውድ ይሸጣል። ለጠረጴዛ ጌጥ የሚገዛው ሰው መልካም አደረገ፤ ሀብት ያመጣልኛል ብሎ የሚገዛው ግን ሀብት ያመጣው ለሻጩ መሆኑን ይወቅ።

ይህን ስንል በወዳጆቻችን ላይ ለመሳለቅ አይደለም። በእኛም ከተማ በማለዳ ሱቁን ከፍቶ፣ ደጃፉን ጠርጎ፣ ዕጣን አጢሶ ሥራውን የሚጀምር ባለ ሱቅ ብዙ ነው። ቻይናዊ እንግዳ በዚያ ሰዓት ገብቶ በጢሱ ቢስቅ ደስ አይለንም። የዓሣ ገንዳውንም በዚሁ ሚዛን እንመዝነው።

እንግዲህ የነጋዴ ወገኖቻችን ከዚህ ሁሉ የሚይዙት ይህን ነው። በወዳጅ ቤት የወዳጅን ሥርዐት ማክበር፤ በገዛ ቤት ደግሞ ብርሃንን፣ አየርን፣ ክፍት መንገድንና ንጹሕ ጠረጴዛን መያዝ። ይህን ለማድረግ አዋቂ መጥራት አያስፈልግም፤ የአንድ እሑድ ድካም፣ አንድ መጥረጊያና ጥቂት ማኅደሮች ይበቃሉ። ሰኞ ጧት የባንክ ስልክ ሲጮኽ የሚፈለገውን ሰነድ ሳይነሣ ከመሳቢያው የሚያወጣ ነጋዴ፣ ነፋሱም ውሃውም ለእርሱ መልካም ሆነውለታል።